ፓርቲ ሳይኖራቸው መንግሥትን ያስጠየቁ

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1994 ለአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ምክር ቤት አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ። የግዛቱን ፖሊስ የሚመረምር፣ ምስክር አስገድዶ የመጥራት ሥልጣን ያለው አጣሪ ኮሚሽን ይቋቋም የሚል ነበር። መንግሥት ሐሳቡን አልፈለገውም። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ቶኒ ላወርም በፖሊስ ውስጥ ሥር የሰደደ ሙስና አለ የሚለውን ክስ የፖለቲከኞች ምናብ የወለደው ነው ብለው አጣጥለውታል። ሐሳቡን ያቀረቡት ጆን ሃተን ከኋላቸው የሚቆም ፓርቲ አልነበራቸውም። ድምፅ የሚያሰባስብላቸው የፓርቲ ተጠሪም ሆነ ገንዘብ የሚያፈስላቸው ድርጅት አልነበረም። ሆኖም ምክር ቤቱ ሐሳባቸውን አጸደቀ፤ በዚያው ሳምንትም ዳኛ ጀምስ ውድ ኮሚሽኑን እንዲመሩ ተሾሙ።

ሦስት ዓመት በፈጀው ምርመራ የፖሊስ ኮሚሽነሩ ከሥልጣን ወረዱ፤ ከባሕር ማዶ አዲስ ኮሚሽነር መጣ፤ ፖሊስን ብቻ የሚቆጣጠር ነፃ ተቋምም ተወለደ። የሲድኒ ነዋሪዎች ለዓመታት በሹክሹክታ ያወሩት ሁሉ በቪዲዮ ተቀርጾ በየቴሌቪዥኑ ታየ።

አንድ ሰው ያለ ፓርቲ ይህን ያህል ማድረግ የቻለው እንዴት ነው? ብዙዎች መልሱን በሃተን ድፍረት ያያይዙታል። ድፍረታቸው አያጠራጥርም፤ የማስፈራሪያ ዛቻ ደርሶባቸው እንኳ ዝም አላሉም። ይሁን እንጂ ድፍረት ያላቸው ግን ምንም ሳይለውጡ የተሰናበቱ የምክር ቤት አባላት በየአገሩ ሞልተዋል። ሃተንን የለያቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን የእሳቸው ድምፅ ለመንግሥት የህልውና ጉዳይ ሲሆን ምን እንደሚጠይቁ አስቀድመው ያውቁ ነበር። የጠየቁትም ለዘለቄታው የሚቆይ ሕግ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን ተገልጿል።)

የአውስትራሊያ ግዛቶች ከኢትዮጵያ ክልሎች ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ካቢኔ፣ የራሱ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለው። መሪው ፕሪሚየር ይባላል። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መሬት፣ ማረሚያ ቤት፣ የቁማር ቤት ፈቃድ ሁሉ በግዛቱ እጅ ናቸው፤ ገንዘብና ፈቃድ ባለበት ደግሞ ጉቦ መንገዱን አያጣም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አስተሳሰብ በአማርኛ ብቻ የሚነገር ይምሰል እንጂ በሲድኒም ብዙ ተከታይ ነበረው።

የግል ተመራጭ የሚባለው የፓርቲ አባል ሳይሆን በራሱ ስም ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ሰው ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከቦንጋ በግል ተወዳድረው የተወካዮች ምክር ቤት የገቡትን ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስን ያስታውሳል። በዚያ 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ የነበሩት እሳቸውና አንድ የተቃዋሚ ተወካይ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ቤት አንድ ድምፅ ምን ያህል እንደሚመዝን መገመት አያስቸግርም። ሃተንም ከምክር ቤት ዕድሜያቸው አብዛኛውን ያሳለፉት በዚሁ ሁኔታ ነው። ይናገራሉ፤ ንግግራቸው በቃለ ጉባዔ ይመዘገባል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ቁጥሩ የፓርቲዎቹ ነው።

ሃተን መምህር ነበሩ። ከሲድኒ በስተደቡብ በባሕሩ ዳርቻ በሚገኘው በሾልሄቨን የአካባቢ ምክር ቤት ካገለገሉ በኋላ በ1973 ሳውዝ ኮስት የተባለውን የምርጫ ክልል አሸነፉ። ወንበሩ ለዓመታት በሊበራል ፓርቲ እጅ የቆየ ነበር። ከዚያ ወዲህ መራጩ በየምርጫው እየመለሳቸው እስከ 1995 ዘለቁ። ዓሣ አስጋሪና ከብት አርቢ የሚበዛበት የገጠር ሕዝብ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድን የግል ተመራጭ ማስቀመጡ በራሱ የሚያስደንቅ ነው። በፓርቲ አሠራር አንድ የምክር ቤት አባል የድርጅቱን መሪዎች ካስቀየመ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩነቱን ያጣል። ሃተንን ሊያሰናብታቸው የሚችለው የሳውዝ ኮስት መራጭ ብቻ ነበር።

ወደ ምክር ቤት የገቡበት ዘመን ደግሞ ከባድ ነበር። በሲድኒ ሕገ ወጥ የቁማር ቤቶች በጠራራ ፀሐይ ይሠሩ ነበር፤ ፖሊስ ግን አያያቸውም። በ1977 ግሪፊት በተባለችው የገጠር ከተማ የማሪዋና እርሻዎችን ሲያጋልጥ የነበረው የቤት ዕቃ ነጋዴ ዶናልድ ማኬይ ከአንድ ሆቴል መኪና ማቆሚያ ጠፋ። መኪናው አጠገብ ደምና የጥይት ቀለሃ ተገኘ፤ አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1984 ደግሞ ማይክል ድሩሪ የተባለ ሰላይ ፖሊስ በገዛ ቤቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ቆሞ ሳለ በመስኮት በኩል በጥይት ተመታ። ሞቷል ተብሎ ሲጠበቅ ተረፈ። በአደንዛዥ ዕፅ ክስ የሚሰጠውን ምስክርነት እንዲለውጥ ጉቦ ያቀረበለት የገዛ ባልደረባው መርማሪ መሆኑን ተናገረ፤ ተከሳሹ መርማሪ ግን በጉቦው ክስ በፍርድ ቤት ነፃ ተባለ።

ብልሽቱ በፖሊስ ብቻ አላበቃም። የግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች የበላይ የነበሩት ማሪ ፋርኳር የፍትሕን ሂደት ለማዛባት በመሞከራቸው በ1985 ታሰሩ። የማረሚያ ቤቶች ሚኒስትር የነበሩት ሬክስ ጃክሰን እስረኞችን በጉቦ ከጊዜያቸው በፊት በማስፈታት በ1987 ተፈረደባቸው። ዳኛውም፣ የእስር ቤቱ ሹምም፣ ፖሊሱም በአንድ ዘመን እንዲህ ሆነው ሲገኙ ዜጋው አቤቱታውን ወዴት ይወስዳል?

ሃተን እነዚህን ጉዳዮች ደጋግመው ወደ ምክር ቤቱ አመጡ። የተደራጀ ወንጀል፣ የግሪፊት ዕፅ ንግድ፣ የፖሊስና የወንጀለኞች ግንኙነት የንግግሮቻቸው መነሻና መድረሻ ሆኑ። በምክር ቤት ውስጥ ለተናገሩት ነገር በስም ማጥፋት አለመከሰሳቸውን ተጠቅመው በጋዜጣ ቢወጣ ክስ የሚያስከትለውን ሁሉ ተናገሩ። ይህ ሥልጣን አደገኛ ነው፤ ያላግባብ ከተሠራበት ንጹሕ ሰው መልስ መስጠት በማይችልበት ቦታ ስሙ ይጎድፋል። ሃተን መረጃውን ያገኙ የነበሩት በአብዛኛው ሌላ ጆሮ ካጡ ሰዎች ነው፤ በገዛ መሥሪያ ቤታቸው የተገፉ ፖሊሶች፣ አቤቱታቸው የተቀበረባቸው ዜጎች ወደ እሳቸው ይመጡ ነበር። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ ሊበራሉም ተቀናቃኙ ሌበር ፓርቲም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እንዲህ እያለ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ።

በ1988 ኒክ ግራይነር የተባሉት የሊበራል ፓርቲ መሪ ሙስናን አጠፋለሁ ብለው ምርጫ አሸነፉና ቃላቸውን ጠበቁ። የገለልተኛ ፀረ ሙስና ኮሚሽንን አቋቋሙ፤ ኮሚሽኑም በ1989 ሥራ ጀመረ። ሚኒስትርን ሳይቀር ጠርቶ በመሐላ የሚጠይቅ፣ ችሎቱን በአደባባይ የሚያስችል ተቋም ነው። ይህን የሠሩት ፓርቲ ያላቸው ፖለቲከኛ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም፤ ታሪኩ የግል ተመራጮች ብቻ ታሪክ አይደለም።

ከዚያ ሜይ 25 ቀን 1991 ምርጫ መጣ። 99 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት የግራይነር ጥምረት 49 አገኘ፤ ሌበር 46። የቀሩት አራቱ የግል ተመራጮች ነበሩ፤ ከሳውዝ ኮስት ጆን ሃተን፣ ከመሀል ሲድኒ ክሎቨር ሙር፣ ከማንሊ ሐኪሙ ፒተር ማክዶናልድ፣ ከታምወርዝ ቶኒ ዊንዘር። ዊንዘር ለብቻቸው መንግሥትን ለመደገፍ ተስማሙ። ሦስቱ ግን ቆም ብለው አሰቡ።

በየትኛውም አገር የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። መንግሥት የአንድ ሰው ድምፅ ሲያስፈልገው ሰውየው ለአካባቢው መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ድልድይ ይጠይቃል፤ ወይም ለራሱ የሚኒስትርነት ወንበር። መራጩ ያመሰግነዋል፤ መንግሥትም በርካሽ ይገላገላል። ሃተን፣ ሙርና ማክዶናልድ በኦክቶበር 1991 ከመንግሥት ጋር የፈረሙት ሰነድ ግን ከዚህ ፍጹም የተለየ ነበር። የመንግሥት መረጃ ለዜጎች ይበልጥ ክፍት እንዲሆን፣ የዋና ኦዲተሩና የእንባ ጠባቂው ነፃነት እንዲጠናከር፣ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች የበጀት ወጪን እየጠሩ እንዲመረምሩ፣ በመሥሪያ ቤቱ ያየውን ሙስና የሚጠቁም ሠራተኛ በሕግ እንዲጠበቅ፣ ዳኞች በፖለቲከኞች ፍላጎት እንዳይነሱ፣ መሪው ሲመቸው ምርጫ መጥራቱ ቀርቶ ምክር ቤቱ የተወሰነ የአራት ዓመት ዘመን እንዲኖረው የሚል ነበር።

እነሱ በበኩላቸው ምን ሰጡ? በጀት እንዲያልፍና መንግሥት በመተማመኛ ድምፅ እንዳይወድቅ ቃል ገቡ። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ አስቀሩ፤ ሙስና ወይም ከባድ የአስተዳደር በደል ከተገኘ ቃሉ አይሠራም። ይህች አንቀጽ በስምምነቱ ውስጥ ስትገባ ብዙ ትኩረት የሳበች አይመስልም። ዓመት ሳይሞላ ግን የግዛቱን መሪ አወረደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ቴሪ ሜተረል ከሊበራል ፓርቲ ወጥተው በግላቸው ተቀምጠው ነበር። በኤፕሪል 1992 የምክር ቤት ወንበራቸውን ለቀው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ደመወዝ ያለው ሥራ ያዙ። ወንበሩ ሲለቀቅ በማሟያ ምርጫ ለሊበራል ይመለሳል ተብሎ የሚጠበቅ ነበር። ታዲያ ሥራው ለሜተረል የተሰጠው በችሎታ ውድድር ነው ወይስ ወንበር ለማስለቀቅ? ጉዳዩ ግራይነር ራሳቸው ወዳቋቋሙት ኮሚሽን ሄደ። የኮሚሽኑ ኃላፊ ኢያን ቴምቢ በጁን 1992 ባወጡት ሪፖርት የግራይነር ድርጊት በኮሚሽኑ ማቋቋሚያ ሕግ መሠረት በሙስና ትርጓሜ ሥር እንደሚወድቅ ደመደሙ፤ ተራው ሰው ግን በተለመደው አስተሳሰቡ ሙሰኛ እንደማይላቸው ጨምረው ገለጹ። ሃተን፣ ሙርና ማክዶናልድ ግራይነር ካልለቀቁ በመተማመኛ ድምፅ እንደሚቃወሟቸው አስታወቁ። ግራይነር ጁን 24 ቀን ሥልጣን ለቀቁ፤ ጆን ፌሂ ተተኩ።

ከሁለት ወር ያህል በኋላ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የኮሚሽኑን ድምዳሜ ሻረ። ግራይነር ግን ወደ ሥልጣን አልተመለሱም።

ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው የሚሉ ዛሬም አሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ሰውየው ኪሳቸው አንድ ሳንቲም አላስገቡም፤ ያደረጉት በፖለቲካው ዓለም ብዙዎች ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ሆኖም የሕዝብ ሥራ ለፖለቲካ ጥቅም መደለያ ሲሆን «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለው መከላከያ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው። ሦስቱ የግል ተመራጮች የፈረሙትን ሰነድ በቃሉ መሠረት ሥራ ላይ አዋሉት። ቢያንስ ከዚያ በኋላ የኒው ሳውዝ ዌልስ ሚኒስትሮች ለወዳጅ ሥራ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረባቸው።

ሃተን ግን በልባቸው የነበረው ትልቁ ጉዳይ ፖሊስ ነው። ፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በፖሊስና በወንጀለኞች ግንኙነት ላይ ምርመራ ሲያካሂድ ኔዲ ስሚዝ የተባለው ነፍሰ ገዳይ ወንጀለኛ፣ ወንጀል እንዲሠራ ከፖሊሶች «አረንጓዴ መብራት» በርቶለት እንደነበር መስክሯል። ለሃተን ይህ በቂ አልነበረም። አቤቱታ የቀረበበትን ፖሊስ የሚመረምረው ፖሊስ እስከሆነ ድረስ ውጤቱ ሾላ በድፍን ነው ብለው ተከራከሩ። በሜይ 1994 ያቀረቡት ሐሳብ ሊያልፍ የቻለው መንግሥት ብዙኃን መቀመጫ ስላልነበረውና ተቃዋሚው ሌበር በቦብ ካር መሪነት ስለደገፋቸው ነው። ሌበር ደግሞ በራሱ ዘመን ብዙ የተሸፈነ ነገር እንደነበረው ይታወቃል። ቢሆንም ደገፈ።

ዳኛ ውድ ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ነገር የሥራውን ዕጣ ወሰነ። መርማሪዎቻቸውን ከኒው ሳውዝ ዌልስ ፖሊስ አልወሰዱም፤ ከሌሎች ግዛቶችና ከፌዴራል ፖሊስ አመጡ። ከዚያም ኪንግስ ክሮስ ወደ ተባለው የሲድኒ የሌሊት ሰፈር አተኮሩ። እዚያ የጭፈራ ቤት ባለቤቶችና የዕፅ ነጋዴዎች ለመርማሪ ፖሊሶች የየሳምንት ክፍያ ያደርጉ ነበር። ኮሚሽኑ ለዓመታት ከዚህ ገንዘብ ሲካፈል የኖረውን ትሬቨር ሄከን የተባለ መርማሪ በምስጢር አነጋግሮ ወደ ራሱ አዞረው። ሄከን ወራት ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ሥራውን ቀጠለ። መኪናው ውስጥ ግን ከፊት ለፊት የተደበቀች ትንሽ ካሜራ ነበረች።

ችሎቱ ሲጀመር ፖሊሶች አንድ በአንድ እየተጠሩ በመሐላ ካዱ። ጉቦ? አናውቅም። ገንዘብ? አላየንም። በ1995 አጋማሽ አንድ ቀን ኮሚሽኑ ቪዲዮውን አበራ። ግራሃም ፋውለር የተባለው የፖሊስ አዛዥ በሄከን መኪና ተሳፋሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገንዘብ ሲቀበል ታየ። ካሜራዋ ዝቅ ብላ የተገጠመች ስለነበረች ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጎልቶ ይታያል፤ ከጎኑም ተራ የጓደኛ ወሬ ይሰማል። ምሽት ላይ መላው አውስትራሊያ በዜና አየው። ያንን ምስል ያየ ሰው «ጥቂት የበሰበሱ ፖሊሶች ናቸው» የሚለውን ማስተባበያ ከዚያ ወዲያ በቀላሉ አላመነም። ከዚያ በኋላ ሲክዱ የነበሩት ተራ በተራ መናገር ጀመሩ። ፋውለር ኋላ ላይ እስር ቤት ገባ፤ ሄከንም በምስጢር ጥበቃ ሥር ሆኖ መኖር ግድ ሆነበት።

ኮሚሽኑ ያወጣው ጉቦን ብቻ አልነበረም። መርማሪዎች ተጠርጣሪ ያላለውን ቃል «አለ» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ዕፅ ወይም መሣሪያ አስቀምጠው «ተገኘበት» ይሉ ነበር። ይህን የሚያደርጉ ብዙዎቹ ለገንዘብ ሳይሆን ወንጀለኛ እንዳያመልጥ በሚል ሰበብ ነው። ዳኛ ውድ ይህን ከጉቦው ለይተው እንደ ራሱ የቻለ ሙስና ቆጠሩት፤ ትክክልም ነበሩ። በሐሰት ማስረጃ የተያዘ ሰው ጥፋተኛ ቢሆን እንኳ ቀጣዩ ሰው ንጹሕ ሊሆን ይችላልና።

ላወር ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። በ1996 ከእንግሊዝ ፒተር ራያን መጥተው ፖሊስ ኮሚሽነር ሆኑ። ኮሚሽነሩ እምነት ያጣበትን ፖሊስ ከሥራ እንዲያሰናብት ሥልጣን ተሰጠው። የፖሊስ ሥነ ምግባር ኮሚሽን የተባለ ነፃ ተቋም ተቋቋመ፤ እሱም በ2017 በሌላ ነፃ የሕግ አስከባሪዎች ተቆጣጣሪ ተተክቶ ዛሬም ይሠራል። ዋናው ሪፖርት በሜይ 1997 ወጣ።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ግን በገንዘብ ብቻ አይለካም። በምርመራው ወቅት ስማቸው ከተነሣ ሰዎች መካከል ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። በአደባባይ ችሎት ስም ከወጣ በኋላ ሰው ጥፋተኛ ባይባልም የጠፋው ክብር ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ስለ ፀረ ሙስና ሥራ የሚጽፍ ሰው ይህን አድበስብሶ ማለፍ የለበትም። ማስረጃን በምስጢር አጣርቶ፣ ሲጸና ብቻ ወደ አደባባይ ማውጣት የመርማሪው ግዴታ ነው። የኪንግስ ክሮስ ምርመራ ኃይሉን ያገኘው ይህን በመከተሉ ነበር፤ ፋውለር ወደ ችሎት የቀረበው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው።

ሃተን በማርች 25 ቀን 1995 ምርጫ አልተወዳደሩም፤ ጡረታ ወጡ። በዚያው ቀን የግዛቱ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ሁለት ጥያቄዎች ቀረቡለት። አንዱ የምክር ቤቱ ዘመን አራት ዓመት እንዲሆንና መንግሥት በፈለገው ጊዜ እንዳይበትነው፣ ሌላው የዳኞችን ነፃነት በሕገ መንግሥቱ ማስጠበቅ ነበር። ሁለቱም አለፉ፤ ሁለቱም በ1991 ሰነድ ላይ የሰፈሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የኒው ሳውዝ ዌልስ ምርጫ በየአራት ዓመቱ በማርች ወር አራተኛው ቅዳሜ ይካሄዳል፤ 1999፣ 2003፣ 2007፣ 2011፣ 2015፣ 2019፣ 2023። የትኛውም ፕሪሚየር ቀኑን ለራሱ ሊያመቻች አይችልም። ለጠቋሚዎች ጥበቃ የሚሰጠው ሕግም በ1994 ወጣ።

የተቋሞቹ ጥንካሬ የታየው ሃተን ከሄዱ በኋላ ነው። ጥርስ የሌላቸው አንበሶች ሆነው አልቀሩም። የሌበር ፓርቲ ጉልበተኛ የነበሩት የቀድሞው ሚኒስትር ኤዲ ኦቤድ በሥልጣን አላግባብ በመጠቀም በ2016 ታሰሩ። በ2014 ደግሞ የሊበራሉ ፕሪሚየር ባሪ ኦፋረል ስለ አንድ ጠርሙስ ወይን ተጠየቁ። በ1959 የተጠመቀ፣ ዋጋው ወደ 3,000 ዶላር የሚጠጋ ወይን ነው፤ በስጦታ እንደተቀበሉት እንደማያስታውሱ ለፀረ ሙስና ኮሚሽኑ በመሐላ ተናገሩ። በማግሥቱ በእጃቸው የጻፏት የምስጋና ወረቀት ተገኘች፤ እሳቸውም በዚያው ቀን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ኮሚሽኑ ሆን ብለው አሳስተዋል አላለም። በሌላ አገር አንድ መሪ በአንድ ጠርሙስ ወይን ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ አይደለም፤ በዚያ ግዛት ግን ለአጣሪ ኮሚሽን ትክክል ያልሆነ ነገር መናገር በራሱ ሊያወርድ ይችላል። በ2021 ፕሪሚየር ግላዲስ በረጂክሊያን ኮሚሽኑ እየመረመራቸው መሆኑን ሲያስታውቅ ለቀቁ፤ በ2023 ኮሚሽኑ ከባድ የሙስና ድርጊት ፈጽመዋል ብሎ ደመደመ። ይግባኝ ብለው በ2024 ተረቱ። ሁለቱም ትልልቅ ፓርቲዎች በየተራ ተነክተዋል፤ ለተቋሙ ገለልተኛነት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አስቸጋሪ ነው።

ሃተን የሄዱበት መንገድ በሌሎች ቀጥሏል። ክሎቨር ሙር እስከ 2012 በምክር ቤት ቆይተው፣ የምክር ቤት አባል የከተማ ከንቲባነትን ደርቦ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ ሲወጣ የሲድኒ ከንቲባነታቸውን መረጡ። በፌዴራል ደረጃ ደግሞ የቪክቶሪያ ገጠር የሆነው የኢንዲ ምርጫ ክልል ሁለት የግል ተመራጮችን ተከታትሎ ላከ። ካቲ ማክጎዋን በ2018 የፌዴራል ፀረ ሙስና ተቋም እንዲመሠረት ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ አዋላጅ ነርስ የነበሩት ሄለን ሄንስ በ2020 ይበልጥ የተብራራ ረቂቅ ይዘው መጡ። የዚያን ጊዜው መንግሥት አላሳለፈላቸውም። በ2022 መንግሥት ተለወጠ፤ ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ሕግ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጸድቆ ተቋሙ ጁላይ 1 ቀን 2023 ሥራ ጀመረ።

ሄንስ በአንድ አንቀጽ እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። ሕጉ ኮሚሽኑ ችሎቱን በአደባባይ የሚያደርገው «በልዩ ሁኔታ» ብቻ እንዲሆን ይላል። ሄንስ ይህ ሁኔታ እንዲወጣ ጠየቁ፤ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ግን ተስማምተው አስቀሩት። እዚህ ላይ ሄንስ ትክክል ናቸው። ለንጹሕ ሰው ስም መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ በቂ መከላከያ የሚሆነው መርማሪው ከችሎት በፊት ማስረጃውን ማጥራቱ ነው። በሩ በመርህ ደረጃ ሲዘጋ ተጠቃሚው ባለሥልጣኑ ብቻ ነው፤ የሄከን መኪና ፊልም በዝግ ችሎት ቢታይ ኖሮ ኪንግስ ክሮስ እንደነበረ ይቀጥል ነበር።

የሃተን ዘዴ በሁሉም ጊዜ አይሠራም። አንድ ፓርቲ ግልጽ ብዙኃን ሲያገኝ የግል ተመራጭ የሚጠይቀውን ሊሰማው የሚገደድ የለም። ዕድሉ የሚመጣው ቁጥሩ ሲጣበብ ነው፤ ያ ደግሞ በሃያ ዓመት አንዴ ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ለአካባቢው አስፋልት ጠይቆ ከረካ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ የግል ዕጩ ድምፅ ሲጠይቅ መራጩ መልሶ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ፦ መንግሥት ያንተን ድምፅ ሲፈልግ ምን ትጠይቀዋለህ?

በሲድኒና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በኒው ሳውዝ ዌልስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የከተማ አስተዳደር ወይም የምክር ቤት አባል ሙስና ሠርቷል ብሎ የሚያምን ማንኛውም ሰው ለገለልተኛው ፀረ ሙስና ኮሚሽን ማመልከት ይችላል። ፖሊስን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ ወደ ሕግ አስከባሪዎች ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ይሄዳል። ስምን ሳይገልጹ ማመልከት ይቻላል፤ እንግሊዝኛ ለሚከብደውም በስልክ የሚገኝ ብሔራዊ የአስተርጓሚ አገልግሎት አለ፤ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።